ለሶስና የተዋጣው የለቅሶ ገንዘብ

የሞት ማስታወቂያ ጸሐፊ ነበርኩ። ጋዜጣ ላይ አይደለም፤ ጆሃንስበርግ ውስጥ ባለን እድር ነው። ስሜ በየነ ይባላል። ጀፕስታውን ውስጥ ብርድ ልብስና መጋረጃ በጅምላ እሸጣለሁ። አባል ወይም የአባል ቤተሰብ ሲሞት የሟቹን ፎቶ በእድሩ የዋትሳፕ ቡድን ላይ እለጥፍና ከሥሩ ማስታወቂያውን እጽፋለሁ። «እንደ በየነ አሳምሮ የሚጽፍ የለም» ይሉኝ ነበር። ደስ ይለኝም ነበር። በሰው ሞት ላይ አሳምሮ ጽፎ ደስ የሚለው ምን ዓይነት ሰው ነው ብላችሁ ብትታዘቡኝ አልቀየማችሁም።

እድራችን ለሞት ጊዜ ወደር የለውም። ማስታወቂያው በተለጠፈ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሱቅ ይዘጋል፣ መኪና ይነሳል፣ ለቅሶ ቤቱ በር ላይ መዝገብ ይከፈታል። አስከሬን አገር ቤት ለመላክ የሚያስፈልገው ገንዘብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይሞላል። ኦርቶዶክሱ፣ ጴንጤው፣ ሙስሊሙ፣ ከሆሳዕና የመጣው፣ ከአዲስ አበባ የመጣው አይለይም። ይህን ለሌላ አገር ሰው ስናወራ ደረታችንን ነፍተን ነው።

ውድነሽ የእድራችን አባል ናት። ሮዘተንቪል ውስጥ፣ የሰው ግቢ ጓሮ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይታ ከአንድ ልጇ ጋር ትኖራለች። ባሏ ትቷት ኬፕታውን ከገባ ቆይቷል። እሷ ከተማ መሀል አንድ ፀጉር ቤት ውስጥ ስትሠራ ትውላለች። ልጇ ሶስና ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። የሚጥል በሽታ አለባት። ክፍል ውስጥ ሁለት ጊዜ ከወደቀች በኋላ ትምህርት ቤቱ «ቀኑን ሙሉ የሚከታተላት ሰው ካልቀጠራችሁ አንችልም» ብሎ አሰናበታት። ለእንደሷ ዓይነት ልጆች የሚሆነው ትምህርት ቤት ደግሞ ወረፋው ረጅም ነው ተባለ። ስለዚህ ቤቷ ሆና መማር ጀመረች። ጠዋት ጠዋት በአሮጌ ላፕቶፕ ብቻዋን ታጠናለች። ድሮ ሆሳዕና አስተማሪ የነበረ አንድ ሰው በሳምንት ሁለት ቀን ከሥራው በኋላ ብቅ እያለ ሒሳብና ፊዚክስ ያሳያታል። ማታ እናቷ የማታውቀውን እንግሊዝኛ እያነበበች ትጠይቃታለች፤ ልጅቷ ደግሞ አነጋገሯን እያረመች ትመልሳለች።

እዚህ አገር ልጅን ቤት ማስተማር የተፈቀደ ነው፤ ወጪው ግን የራስ ነው። ሶስና በዓመቱ መጨረሻ ለምትፈተነው ፈተና የሚከፈለው በየትምህርቱ ነበር፤ የወሰደችው ስድስት ትምህርት ነው። ምዝገባው ዓርብ ቀትር ላይ ይዘጋል። ካለፈ አንድ ዓመት አለፈ ማለት ነው።

ውድነሽ ያላንኳኳችው በር አልነበረም። የትምህርት ቢሮው «ቤት ለሚያስተምር ወላጅ የምንሰጠው ድጎማ የለም» አላት። አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ሊረዳት ከተዘጋጀ በኋላ ፔፐሯን ጠየቃት፤ የመኖሪያ ወረቀቷ እድሳት ላይ ስለነበር ፋይሉ ተዘጋ። አንድ ቤተ ክርስቲያን ሩዝና ዘይት ሰጣት። በመጨረሻ ወደ እኛ መጣች። ኮሚቴው ፊት ቆማ ልጇ የሠራቻቸውን የቤት ሥራዎች በፕላስቲክ ማህደር አድርጋ ዘረጋች።

ደንቡን አንብቤ የመለስኳት እኔ ነኝ። አንቀጹ እድሩ ለሞትና ለአስከሬን ብቻ እንደሚውል በግልጽ ይናገራል። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ቃል በቃል አነበብኩላት። ሊቀመንበራችን ጋሽ ኤርጫፎ ሰባ የተጠጉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው፤ «እናዝናለን፣ ልጄ» አሏት።

«እሺ፣ ገባኝ» አለች ውድነሽ። ማህደሩን ሰብስባ ወጣች።

ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ረፋዱ ላይ ሱቄ መጣች። ሥራ አስፈቅዳ ነው የመጣችው፤ ቁጭ በዪ ብላት እምቢ አለች።

«ከእድሩ ካዝና አልጠየቅኩም» አለችኝ። «ሰው በራሱ ፈቃድ የቻለውን እንዲያግዘኝ ቡድኑ ላይ አንድ ነገር ጻፍልኝ። አንተ ስትጽፍ ሰው ልቡ ይነካል። እኔ ብጽፈው ማን ያነበዋል?»

ስሜቴን ነካችው፤ ኩራቴንም። «ፎቶዋን ላኪልኝ» አልኳት።

ፎቶው ወዲያው ገባ። ሶስና ነጭ ልብስ ለብሳ፣ ፀጉሯ ተሠርቶ፣ በነጭ ግድግዳ ፊት ቆማ ፈገግ ብላለች። እናቷ ተመልሳ ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ከሊምፖፖ ክፍለ ሀገር የመጡ ሁለት ደንበኞች ብርድ ልብስ እያስወረዱኝ፣ በአንድ እጄ እየቆጠርኩ በሌላው ጻፍኩ። እጄ የለመደውን ነው የጻፈው። «ውድ የእድራችን አባላት» ብዬ ጀመርኩ። የአባላችን የወይዘሮ ውድነሽ ልጅ፣ ወጣት ሶስና፣ በአሥራ አምስት ዓመቷ፣ ትምህርቷን የምትወድ፣ ትሑትና ጨዋ መሆኗን ዘረዘርኩ። እናትየው ብቻዋን ስለሆነች ሮዘተንቪል ያለው ቤቷ ድረስ ሄዳችሁ እንድታበረታቷት አልኩ፤ አድራሻውን ጻፍኩ። ከዚያ በታች፣ መጨረሻው ላይ፣ ቤቷ ሆና እንደምትማርና ለፈተናው ምዝገባ እስከ ዓርብ ቀትር እገዛ እንደሚያስፈልጋት አብራራሁ። ላክሁት። የረካሁበት ጽሑፍ ነበር።

ስልኬን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩት። እኛ ሰፈር ስልክ በእጅ ይዞ የሚነግድ ሰው ወይ አዲስ ነው ወይ ሌባ አያውቅም።

አንድ ነገር አላሰብኩም። ያ ቡድን ከተከፈተ ጀምሮ የሞተ ሰው ካልሆነ በስተቀር የማንም ፎቶ ተለጥፎበት አያውቅም። ረጅም ጽሑፍ ደግሞ ስልክ ላይ የሚታየው መጀመሪያው ብቻ ነው፤ የቀረውን ለማንበብ መንካት ያስፈልጋል። ፎቶ፣ ስም፣ ዕድሜ፣ «ትሑትና ጨዋ»፣ አድራሻ። ይህን አይቶ የቀረውን የሚያነብ ማን አለ?

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ የጎረቤቴ የጥሩነሽ ሱቅ መዝጊያ ሲወርድ ሰማሁ። ጥሩነሽ ጫማ ትሸጣለች፤ ከመምሸቱ በፊት ዘግታ አታውቅም። ጥቁር ነጠላ ደርባ በሬ ላይ ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል።

«አንተ ገና አልዘጋህም?» አለችኝ።

«ምን ሆነሻል?»

«ሬሳው መቼ እንደሚሄድ ሰማህ?»

«የማን ሬሳ?»

ትክ ብላ አየችኝ። «በየነ፣ አሞሃል እንዴ? የውድነሽ ልጅ። ራስህ አይደለህ የጻፍከው?»

መሳቢያውን ከፍቼ ስልኩን አወጣሁ። ቡድኑ ላይ የመልእክቱ ብዛት ማለቂያ አልነበረውም። «ነፍሷን በገነት ያኑርልን።» «እግዚአብሔር እናቷን ያጽናት።» «ምነው ይቺን የመሰለች አበባ።» የሚያለቅሱ ፊቶች፣ የተጣመሩ እጆች። ከዚያም ባለቤቴ ማርታ፦ «ደርሻለሁ፣ የኛንም አዋጥቻለሁ፣ ቶሎ ና።»

ውድነሽ ጋ ደወልኩ። አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ያኔ ነው የገባኝ። ውድነሽ በዚህ ሰዓት ከሥራ ወጥታ ታክሲ ውስጥ ናት። ሥራ ላይ ስልክ አትነካም፤ ታክሲ ውስጥም ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ ነው የምትሄደው፤ ድምፁንም ታጠፋዋለች። ልጇ የሚጥል በሽታ ያለባት፣ ቀኑን ሙሉ ቤት ብቻዋን ጥላት የምትውል እናት ናት። አሁን ከታክሲ ወርዳ በሯ ላይ የለቅሶ ሰው ቆሞ ልታይ ነው።

ሱቁን እንዴት እንደዘጋሁ አላስታውስም። ጥሩነሽን ባኪዬ፣ ዕቃ የምጭንባት ፒክአፕ መኪናዬ ውስጥ አስገብቼ ነዳሁ። «ቡድኑ ላይ ጻፊ፣ አልሞተችም በዪ» አልኳት።

«አልሞተችም ልበል? ማን ያምነኛል?»

«ጻፊ ብቻ።»

ጻፈች። ማንም አልመለሰም። ለቅሶ ቤት ስልኩን የሚያይ የለም፤ ነውር ነው። ሶስና ጋ ለመደወል ቁጥሯ የለኝም። ማርታ ጋ ደወልኩ፣ አታነሳም። የከተማው መውጫ ተዘግቷል፤ መኪናው ሁሉ ቆሟል። መሪውን በጡጫ መታሁ። ጥሩነሽ ጎኔ ተቀምጣ ጸሎት ጀመረች። እኔም እግዚአብሔርን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የውድነሽ ታክሲም እንደኔ ይቁም እያልኩ።

ደረስን። መንገዱ ዳር እስከ ጥጉ መኪና ቆሟል። ወንዶቹ አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል፣ አንዳንዱ ፕላስቲክ ወንበር አግኝቷል። ሴቶቹ በሩ ፊት ተሰብስበው ያለቅሳሉ። ጋሽ ኤርጫፎ መዝገቡን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ይጽፋሉ፤ የገንዘቡ ቦርሳ እግራቸው ሥር ነው። የግቢው የብረት በር እንደተቆለፈ ነው። ሰው ሁሉ እናትየው ሆስፒታል ናት ብሎ እየጠበቀ ነበር።

«አልሞተችም!» ብዬ ጮህኩ። «ስሙኝ፣ ልጅቷ አልሞተችም፣ ጥፋቱ የኔ ነው።»

አንድ ሰውዬ ትከሻዬን አቅፎ «አይዞህ፣ ወንድሜ፣ ሁላችንም ማመን አቅቶናል» አለኝ።

እሱን ስገፈትር ጥጉ ላይ ነጭ ታክሲ ሲቆም አየሁ። ውድነሽ ወረደች። የገበያ ፌስታል ይዛለች። ሁለት ሦስት እርምጃ ሄደችና ቀና አለች። እኛን አየች። ምንድነው ብላ አልጠየቀችም። እሷም እንዲህ ባለው ሰልፍ መሀል ስንት ጊዜ ቆማለች፤ ይህ ሁሉ ሰው በር ላይ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ፌስታሉ ከእጇ ወደቀ። አልጮኸችም። አስፋልቱ ላይ ተቀመጠች፣ ልክ ሰው ደክሞት እንደሚቀመጥ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ።

ሮጬ ፊቷ ተንበረከክሁ። «ውድነሽ፣ ደህና ናት፣ በሕይወት አለች፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት» እላታለሁ። ዓይኗ እኔ ላይ ነው፤ የሚያየኝ ግን አይመስለኝም። ሴቶቹ እሷን ሲያዩ ለቅሶው እጥፍ ሆነ። የኔ ድምፅ እዚያ ውስጥ ጠፋ።

ከዚያ ከጀርባችን የብረት በሩ ቁልፍ ተንቀጫቀጨ።

ሶስና ነበረች። የቤት ጫማ አድርጋ፣ የቁልፉን ዘለላ ይዛ ወጣች። ፊቷ ወረቀት መስሏል። ለቅሶው እንደ ገመድ ተበጠሰ። በሩ አጠገብ የነበሩት ወደ ኋላ ሸሹ፤ አንዱ አማተበ። ልጅቷ በሰዎቹ መሀል አልፋ እናቷ ጋ ደረሰችና አጠገቧ አስፋልቱ ላይ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ እዚህ ነኝ» አለቻት።

ውድነሽ የልጇን ፊት በሁለት እጇ ያዘች። አፍንጫዋን፣ ግንባሯን፣ ጆሮዋን ዳበሰች። ያኔ ነው ማልቀስ የጀመረችው። እንዲያ ያለ ለቅሶ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ሰምቼ አላውቅም።

ሶስና ከአንድ ሰዓት በላይ ጓሮ ቤቷ ውስጥ ሆና ሰምታን ነበር። እናቷ ለማንም በር እንዳትከፍት አስጠንቅቃታለች፤ ያ ሰፈር የውጭ አገር ሰው ቤት ሲዘረፍ ያየ ነው። ሰው ሲበዛ መጀመሪያ ሊያጠቁን መጡ ብላ አልጋ ሥር ገባች። ከዚያ በአማርኛ ስሟን እየጠሩ ሲያለቅሱ ሰማች። ለእናቷ ደጋግማ ጻፈች፤ ስልኩ ደረት ውስጥ ነው። የወጣችው የኔን ጩኸት ሰምታ ነው።

እልልታ ሆነ፤ «ተመስገን» ተባለ። ግን ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ። ሶስና ተነስታ ቅድም ድምፃቸው ከሁሉ ልቆ ይሰማ የነበሩትን ሴትዮ አየቻቸው።

«እኔን ያውቁኛል?» አለቻቸው። በቁጣ አይደለም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው።

ሴትዮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «አላውቅሽም፣ የኔ ልጅ» አሉ።

ሰዉ ቀስ በቀስ ተበተነ። እኔ፣ ጋሽ ኤርጫፎ፣ ማርታና ጥሩነሽ ወደ ውስጥ ገባን። ጋሽ ኤርጫፎ ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ፣ ከሶስና ደብተሮች አጠገብ አስቀመጡት።

«ውድነሽ፣ ልጄ» አሏት፣ «ስህተት ተሠርቷል፤ ይቅር በይን። ግን ክፉውን እግዚአብሔር ወደ መልካም ለወጠው። ገንዘቡ ይኸው። ለፈተናውም በቅቶ ይተርፋል። አስመዝግቢያት።»

ደስ የምትል መስሎኝ ነበር። ውድነሽ ግን ቦርሳውን እንደ እባብ አየችው።

«ያንን ከቤቴ አውጡልኝ» አለች።

«እንዴት?» አልኳት።

«ይሄ የልጄ ሬሳ ገንዘብ ነው። ለሞቷ ብለው ነው ከኪሳቸው ያወጡት። በዚህ ብር ፈተና ላስቀምጣት? ነገ አንድ ነገር ብትሆን እኔ ተቀብዬዋለሁ ማለት አይደለም?»

«እማዬ፣ እኔ ግድ የለኝም» አለች ሶስና። «ብር ብር ነው።»

«አንቺ ዝም በዪ።»

ጋሽ ኤርጫፎን አየኋቸው። ይገሥጿታል ብዬ ስጠብቅ እሳቸውም ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ማርታም አልተከራከረችም። የኛን ሰው ካላወቃችሁ ሞኝነት ሊመስላችሁ ይችላል። እኔ ግን ያን ጊዜ እዚያ ቤት ውስጥ ሆኜ ስሰማት ቦርሳውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ።

«እንግዲያው እኔ አንድ በአንድ እመልሰዋለሁ» አልኩ። «ለእያንዳንዱ የራሱን እሰጠውና፣ ለምትማር ልጅ ብለህ ደግመህ ስጠኝ እለዋለሁ። ያ ገንዘብ ሌላ ገንዘብ ነው። ትቀበያለሽ?»

ውድነሽ አሰበችና «እሱን እቀበላለሁ» አለች።

ቀላል መስሎኝ ነበር። ሰው አንዴ ከኪሱ ያወጣውን ምን ያስቸግረዋል ብዬ።

ሐሙስ ጠዋት መዝገቡን ይዤ ተነሳሁ። መጀመሪያ ጥሩነሽ ጋ ገባሁ፣ የቅርቤ ናት፣ ትናንት አብራኝ ያየች ናት። ገንዘቧን ሰጠኋት፣ ጉዳዩን ነገርኳት። ኖቶቹን አስተካክላ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተች።

«በየነ፣ እኔስ ሦስት ልጅ አለኝ አይደል?» አለችኝ። «የነሱን ክፍያ ማን ያዋጣልኛል?»

«ትናንት ሰጥተሽ ነበር እኮ።»

«ትናንት ሞታ ነበራ።»

ይህን ስትል አላፈረችም፤ የምታፍርበትም አልመሰላትም። ቀጣዩ ሰውዬ ግማሹን መለሰልኝ። ሌላው «የሰው ልጅ ቤት ተቀምጦ ተማረ የሚባለው እንዴት ነው? ትምህርት ቤት ትግባ እንጂ» አለኝ። አንዱ ወጣት ሙሉውን ሰጠኝና ስሙን እንዳልጽፍ ለመነኝ። ሻይ ቤት ያለችው ሴት እያለቀሰች ጨምራ ሰጠችኝ። አንድ ትልቅ ነጋዴ ደግሞ ገንዘቡን እየተቀበለ ረጋ ብሎ እንዲህ አለኝ፦

«ወንድሜ፣ አይክፋህ። ለሞት የምሰጠው ለሷ ብዬ አይደለም። ነገ እኔ እዚህ ብወድቅ እናንተ አንስታችሁ አገሬ እንድታስገቡኝ ነው። ለትምህርቷ ብሰጥ ግን ለኔ ምን ይመለስልኛል?»

 እውነቱን ነው። ጨካኝ አይደለንም፤ ሬሳችን ባዕድ አገር እንዳይቀር የምንፈራ ሰዎች ነን። ያን ፍርሃት ነው እስከ ዛሬ ደግነት እያልኩ በአማረ ቃል ስጽፈው የኖርኩት።

ወደ ማታ ከመዝገቡ አንድ ስም ላይ ደረስኩ። የኔ ስም ነበር። ማርታ በኔ ስም ያዋጣችው፣ ከሁሉም ከፍ ያለ ገንዘብ ነበር፤ ጸሐፊ ስለሆንኩ ማነስ አልፈለገችም። ይህን ስም ላልነግራችሁ አስቤ ነበር። ግን የዚህ ሁሉ ወሬ ፍሬ እሱ ነው።

ገንዘቡን አወጣሁና ያዝኩት። ዓርብ ከሰዓት ለመጋረጃ አከፋፋዩ የምከፍለው አለብኝ። ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሱቄን ዘግቼ ለሷ ስዞር ዋልኩ፣ ይህስ አስተዋጽኦ አይደለም ወይ? ሌሎችም ግማሽ ሰጥተዋል። ልክ ሰዎቹ ሲነግሩኝ የዋሉትን ሁሉ ለራሴ ነገርኩት። ግማሹን ከሶስና ገንዘብ ጋር አደረግሁ፣ ግማሹን ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። ማንም አላየኝም።

ዓርብ ጠዋት ከእናትና ልጅ ጋር ወደ መመዝገቢያው ቢሮ ሄድን። ሶስና ደብተሯን ታቅፋ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ነበር። ዳግመኛ የሰጡትን ሰዎች ስም ጠየቀችኝና እያንዳንዱን ጻፈች። ስሞቹ ብዙ አልነበሩም።

ቢሮው ውስጥ ያለችው ሴት ትሕትና የተሞላች ነበረች። ሒሳቡን አየችና ለስድስቱ እንደማይበቃ ነገረችን። አምስት ማስመዝገብ ይቻላል፣ አንዱ ይቅር አለች። ስድስቱ ያሉበትን ዝርዝር ለሶስና ሰጠቻት።

«ታሪክን ተይው» አለች ውድነሽ።

ሶስና በእርሳስ ጥጉ ላይ ደመረች፣ ቀነሰች። «ታሪክ ቢቀርም አይበቃም» አለች። «ባዮሎጂ ነው ውድ፤ የላብራቶሪ ክፍያ አለው። እሱ ከቀረ ነው አምስቱ የሚሆኑት።»

ባዮሎጂ የምትወደው ትምህርት ነበር። እናቷ እንደነገረችኝ፣ ስትወድቅ ጭንቅላቷ ውስጥ ምን እንደሚሆን ማወቅ ትፈልጋለች፤ ስለ አንጎል የሚያወራውን ምዕራፍ በቃሏ ትወጣዋለች። ቀና ብላ ማንንም አላየችም። እርሳሱን ይዛ ቆየች።

ለስድስት ሰዓት ሃያ ደቂቃ ይቀራል። እጄ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው። ያ ግማሽ በጣቶቼ መካከል አለ፤ ከሱ ሌላ የአከፋፋዩም ገንዘብ አለ። አውጣው አልኩ ለራሴ። ከዚያ ደግሞ፣ አንድ ትምህርት እኮ ነው፣ የዛሬ ዓመት ትወስደዋለች፣ አሁን ባወጣው ትናንት ለምን ደበቅከው ይሉኛል፣ አልኩ። ይህን እያሰብኩ እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ሄደ። በቀጭኑ ነው የሰረዘችው፤ ያም ሆኖ ተሰረዘ። ሴትየዋ ማህተም መታችበት።

በሩ ላይ ሶስና «አመሰግናለሁ፣ ጋሽ በየነ» አለችኝ። «አምስቱም በእርስዎ ነው የሆኑት።»

ሰኞ ጠዋት ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ አሰላሁት። የጎደለው ኪሴ ከቀረው ግማሽ ያንስ ነበር። ይዤው ወደ ቢሮው በረርኩ። ሴትየዋ አስታወሰችኝ። «አዝናለሁ፣ ጌታዬ፣ ዓርብ ተዘግቷል» አለችኝ። መኪናዬ ውስጥ ተመልሼ ለረጅም ሰዓት ተቀመጥኩ። ሰው በራሱ እንዲህ ሊያዝን እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ይህን ለምን እንዳወራሁላችሁ ልንገራችሁ። ከዚያ በኋላ ለኮሚቴው እውነቱን ተናዘዝኩ፤ ስለ ኪሴም ጭምር። ጸሐፊነቱን ልልቀቅ ስል ጋሽ ኤርጫፎ «መጀመሪያ ያበላሸኸውን አስተካክል» አሉኝ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ተጨመረ፤ ልጆቻቸውን ቤት ለሚያስተምሩ አባላት ከየወሩ መዋጮ ትንሽ ይቀመጣል። አሁን ሦስት ቤተሰብ ይረዳበታል። ትንሽ ናት። ጥሩነሽ ስትቃወም ቆይታ በመጨረሻ እጇን አወጣች። ሶስና አምስቱንም አለፈች። ባዮሎጂን ዓመት ቆይታ ወሰደች፤ እኩዮቿ ግን አንድ ክፍል ቀድመዋታል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በያላችሁበት እድርና ማኅበር ያላችሁ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። እንደ ሶስና ያለች ልጅ ብትሞት ለቅሶ የምትሄዱበትን ቤት አስቡና አሁን ሂዱ። ፊታችሁን ትወቅ። ደግሞም፣ ትሰጡ ዘንድ እጃችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ከገባ፣ ምክንያት መደርደር ሳትጀምሩ አውጡት። እኔ ያን ቀን ሃያ ደቂቃ ነበረኝ።

ሶስና ከዚያ ወዲህ ፎቶ አትነሳም። ብዙ ሰው ሲመጣ ክፍሏን ትዘጋለች። ባለፈው ገና እኔና ማርታ፣ ጥሩነሽና ልጆቿ፣ ጋሽ ኤርጫፎም ሆነን እንኳን አደረሳችሁ ልንል ሄድን። ውድነሽ በደስታ ተቀበለችን። እኔ ልጅቷን ልጠራ ሄጄ በሯን አንኳኳሁ።

«ማነው?» አለች ከውስጥ።

«በየነ ነኝ። ሁላችንም መጥተናል።»

 በዚያ ለማወቅ በምትጠይቅበት ረጋ ያለ ድምፅ፦

«ጋሽ በየነ፣ ማን ሞቶ ነው?» አለችኝ።

«ማንም አልሞተም፣ ሶስና» አልኳት። «አንቺን ልናይ ነው የመጣነው።»

በሩን አልከፈተችም። እኔም አልሄድኩም፤ እዚያው ቆሜ ጠበቅኋት።